በቤት የሠራሁት ተንቀሳቃሽ የዋይፋይ ራውተር ከሰዓት በኋላ ለምን ይቋረጣል?

ሳቢያን (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሲሆን በሙያዬ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ትርፍ ጊዜዬን የምሰጠው ነገር ነው። ባለፉት ሦስት ወራት በቦርሳ የሚያዝ፣ መብራት ሲጠፋ የማይቆም፣ ቤት ውስጥም መንገድ ላይም የሚያገለግል የዋይፋይ ራውተር በራሴ እጅ ለመሥራት ስጥር ቆይቻለሁ። የተዘጋጀ የኪስ ዋይፋይ ገዝቶ መገላገል እንደሚቻል አውቃለሁ፤ እኔ የፈለግሁት ግን ውስጡን የማውቀው፣ ሲበላሽ ከፍቼ የማየው፣ ቅዳሜና እሑድ ሐረር እናቴ ዘንድ ስሄድ ይዤው የምወጣ ዕቃ ነው።

የሠራሁት እንዲህ ነው። መሠረቱ 2 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ራስበሪ ፓይ 4 ነው፤ በአንድ ቦርድ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒዩተር ማለት ነው። ሲም ካርድ የሚገባበት የ4ጂ ዩኤስቢ ዶንግል ሰክቼበታለሁ፤ ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ደግሞ ቦርዱ ላይ ያለው የራሱ ዋይፋይ ነው። ኃይል የሚሰጠው 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ ሲሆን፣ ሁሉንም ያስገባሁት እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ከሚባለው ገበያ በገዛሁት፣ ክዳኑ ግጥም ብሎ በሚዘጋ የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ውስጥ ነው። ሳጥኑን ያስቀመጥሁት ሲግናል እንዲያገኝ በማለት ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ ቤታችን የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነው።

ችግሩ ይህ ነው። ጠዋትና ማታ ያለ እንከን ይሠራል። ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ግን እስከ 10 ሰዓት ድረስ በየአሥርና በየአሥራ አምስት ደቂቃው ኢንተርኔቱ ይጠፋል፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተመልሶ ይመጣል። በዚያን ጊዜ ስልኬ ላይ የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ የሚጠፋው ከዋይፋዩ በስተጀርባ ያለው መስመር ነው። መጀመሪያ ኔትወርኩ በሰው ብዛት ተጨናንቆ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን የዚያው ድርጅት ሲም ያለበት ስልኬ አጠገቡ ተቀምጦ በዚያው ሰዓት በደንብ ሲሠራ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ስምንት ተማሪዎች ቤቴ መጥተው የሒሳብ ቪዲዮ የሚከታተሉት በዚህ ራውተር ስለሆነ፣ ትምህርቱ መሐል ላይ እየተቆረጠ ልጆቹ ሲተያዩ ማየት ከብዶኛል።

ዶንግሉን ልለውጥ ወይስ የውጭ አንቴና ልግዛ? ደግሞም የእናቴ ቤት ጀጎል ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ራውተሩን የት ማስቀመጥ እንደሚገባኝ፣ በሚኒባስ ስጓዝስ ምን ልጠንቀቅ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ካውያ፣ ሐረር

ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። ሸዋ በር አካባቢ በሬዲዮና በስልክ ጥገና ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ከጻፉት ሁሉ ልቤን የያዘው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስልክዎ አጠገቡ ተቀምጦ በዚያው ሰዓት በደንብ መሥራቱ። ያንን በማስተዋልዎ ግማሹን መንገድ ሄደዋል። ስለዚህ እባክዎ ዶንግልም አንቴናም አሁን አይግዙ።

ኢንተርኔት ጠፋ ሲባል ከውጭ አንድ የሚመስል ነገር ከውስጥ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ዶንግሉ ራሱ ከቦርዱ ተቆርጦ፣ ልክ ሰው ነቅሎ መልሶ እንደሰካው ሆኖ እንደገና ሲነሣ ነው። ሁለተኛው፣ ዶንግሉ በቦታው እያለ ከኔትወርኩ ማማ የሚያገኘው ሲግናል ሲዳከም ነው። ሦስተኛው፣ ሲግናሉ ጥሩ ሆኖ ማማው በተጠቃሚ ብዛት ሲጨናነቅ ነው። ሦስቱን የሚለየው መዝገብ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲቋረጥ ፓዩ የሚሠራበትን የሊኑክስ ሥርዓት የከርነል መዝገብ፣ ማለትም ሥርዓቱ የሆነውን ሁሉ በራሱ የሚጽፍበትን ማስታወሻ፣ ይክፈቱ። ዶንግሉ ተነቀለ፣ ከዚያ አዲስ ዕቃ ተገኘ የሚል መልእክት ካገኙ ጉዳዩ የኔትወርክ ሳይሆን የኃይል ነው። የእኔ ግምት እዚያ ላይ ነው፤ አንድ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መመለሱም ዶንግሉ ከባዶ ተነሥቶ ማማ ፈልጎ እስኪመዘገብ የሚወስደው ጊዜ ይመስለኛል።

ይህን የምልበትን ምክንያት በቁጥር ላሳይዎ፤ የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ይወዱታል ብዬ አስባለሁ። ርካሽ የቻርጀር ገመድ ውስጥ ያለው መዳብ 0.08 ስኩዌር ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሽቦ በአንድ ሜትር 0.2 ኦህም ያህል ተቃውሞ አለው፤ ኃይሉ ሄዶ መመለስ ስላለበት ለአንድ ሜትር ገመድ 0.4 ኦህም ይሆናል። ፓዩና ዶንግሉ በአንድነት 1.5 አምፒር በሚስቡበት ቅጽበት 0.6 ቮልት ገመዱ ላይ ይቀራል። ፓወር ባንኩ 5 ቮልት ቢሰጥ እንኳ ቦርዱ ጋ የሚደርሰው 4.4 ነው ማለት ነው፤ ፓዩ ደግሞ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ ኃይል አነሰኝ ብሎ ይመዘግባል። ያንኑ ገመድ በ0.5 ስኩዌር ሽቦ ቢተኩት ተቃውሞው ሄዶ መልስ ከ0.07 ኦህም አይበልጥም፤ የሚጠፋውም 0.1 ቮልት ብቻ ይሆናል። ርዝመቱን ወደ 30 ሳንቲሜትር ካሳጠሩት ከዚያም ያንሳል።

ጠዋት ለምን ይሠራል ቢሉኝ፣ ጠዋት አንድ ስልክ ብቻ ስለሚጠቀም ዶንግሉ ብዙ አይልክም። የ4ጂ ዶንግል ኃይል የሚስበው እንደ አምፖል ሳይቋረጥ በእኩል መጠን አይደለም፤ በሚልክበት ቅጽበት ብድግ ብሎ ይስብና መልሶ ይወርዳል። ስምንት ልጆች ሲጨመሩ የብድግታው ብዛት ይጨምራል፤ ፓዩም ይሠራል፤ ቮልቱም ከወለሉ በታች ይወርዳል። ተራ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ግን አማካዩን ብቻ ስለሚያሳይ ፈጣኑ መውረድ ሊያመልጥዎ ይችላል። ስለዚህ ቴስተሩ 4.7 ቢያሳይዎ እንኳ በቅጽበት ከዚያ በታች እየወረደ እንደሆነ ይውሰዱት። ሲለኩም ፓወር ባንኩ መውጫ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ፣ የ5 ቮልትና የግራውንድ ፒኖቹ ላይ ይለኩ። ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ቮልት ነው የሚፈለገው። ሁለቱ ፒኖች ጎን ለጎን ስለሚገኙ የቴስተሩ ሹል እንዳያገናኛቸው እጅዎን አሳርፈው ይያዙ።

ካውያ (የመበየጃ ብረት) ካለዎት ገመዱን ራስዎ ይሥሩት። ሽቦውን ልጠው፣ ጫፉን አስቀድመው ስታኞ (ቀልጦ የሚበይደውን ብረት) ያልብሱት፣ ከዚያ ነው የሚበየደው፤ ስታኞው እንደ ውሃ ፈሶ ሽቦው ውስጥ ካልገባና ላዩ ላይ እንደ ጠብታ ከቆመ አልያዘም። ፓወር ባንኩ 2 አምፒር ወይም ከዚያ በላይ በሚሰጠው መውጫ መሰካቱንም ያረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ ላይ ሁለቱ መውጫዎች እኩል አይደሉም።

ከዚራ

ካውያ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሰዓቱን አልፈን መሄድ የለብንም። ችግሩ የሚጀምረው 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ 7 ሰዓት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ የምንኖር እናውቀዋለን። መምህር፣ ሳጥኑ ያለው ክዳኑ የተገጠመ ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ ፕላስቲኩ ያለው ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ ቁም ሳጥኑ ያለው ቆርቆሮ ሥር ነው። የቤቱ ሙቀት ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው።

ፓዩ ፕሮሰሰሩ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ይህ ብቻውን ኢንተርኔት አይቆርጥም፤ ያዘገያል እንጂ። ዶንግሉ ግን ከእሱ ያነሰ፣ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ምንም ነገር የሌለው ዕቃ ነው፤ ከልክ በላይ ሲግል ሥራውን ያቋርጣል። ሁለቱን አንድ ዕቃ ውስጥ መዝጋት አንዱ ሌላውን እንዲያሞቅ ማድረግ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ፓወር ባንኩ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ቻርጅ መደረግ የለበትም። ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር የእኔው እንዲሁ ተዘግቶ ቻርጅ ሲደረግ ቆይቶ ስከፍተው ሆዱ አብጦ፣ የሽፋኑ መገጣጠሚያ ተላቆ አገኘሁት፤ ገና ልጆች ያሉበት ቤት መሆኑን ሳስብ እጄ ይቀዘቅዛል። እባክዎ ዛሬውኑ ፓወር ባንኩን ከሳጥኑ አውጥተው ለብቻው፣ መሬት ላይ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ያስቀምጡት። ሳጥኑንም ከታችና ከላይ ይብሱት፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የታችኛው ቀዳዳ ቀዝቃዛውን ያስገባል፣ የላይኛው ሞቃቱን ያስወጣል። ከጎን ብቻ የተበሳ ሳጥን ብዙም አይጠቅምም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ገመዱንና ክዳኑን በአንድ ቀን አይለውጡ። አንዱን ለውጠው አንድ ቀን ይመዝግቡ፣ ከዚያ ሌላውን። አለዚያ የትኛው እንደፈወሰው ሳያውቁ ይቀራሉ።

ሳቢያን (ጠያቂ)

ጋሽ ካውያ፣ ከዚራ፣ ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንዳላችሁኝ አደረግሁ፤ ፓወር ባንኩን ያወጣሁት ግን መልእክቱን ባነበብሁበት ደቂቃ ነው። በየደቂቃው የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ የሲግናሉን መጠንና ዶንግሉ የተነቀለበትን ሰዓት የሚመዘግብ አጭር ስክሪፕት ጽፌ አራት ቀን አስቀመጥሁት። ተማሪዎቹ አራቱንም ቀን በዚያው ሰዓት መጥተዋል።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልለወጥሁም፤ ክዳኑ ተዘግቶ፣ አሮጌው ገመድ ተሰክቶ። ሙቀቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ 83 ዲግሪ ደረሰ፤ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ዶንግሉ 11 ጊዜ ተነቀለ። ሲግናሉ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምንም አልተነቃነቀም። በሁለተኛው ቀን ክዳኑን ብቻ ከፈትሁ፤ ሙቀቱ ከ71 አልበለጠም፤ መነቀሉ ግን ወደ 6 ወረደ እንጂ አልቀረም። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን መልሼ ዘግቼ ገመዱን ብቻ ለወጥሁ፤ ሙቀቱ 82 ነበር፤ የተነቀለው 2 ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ከ8 ሰዓት በኋላ። በአራተኛው ቀን አዲሱ ገመድና የተበሳው ሳጥን አንድ ላይ ሆኑ፤ ሳጥኑንም ከቁም ሳጥኑ አውርጄ ዝቅተኛ መደርደሪያ ላይ አደረግሁት። ሙቀቱ 68 ዲግሪ፤ የተነቀለበት ጊዜ የለም። ስለዚህ ሁለታችሁም ትክክል ነበራችሁ፤ ትልቁ ድርሻ ግን የገመዱ ነው።

ቦርዱ ላይ የለካሁት ቮልት በአሮጌው ገመድ 4.48 ነበር፤ በአዲሱ 4.91 ሆነ። አሮጌውን ገመድ ከጉጉት የተነሣ በምላጭ ሰነጠቅሁት። ከውጭ እንደ እርሳስ የወፈረ ገመድ ነው፤ ውስጡ ያገኘሁት ግን ብዙ ነጭ ላስቲክና በመካከሉ ሰባት ክር ብቻ ያለው ቀይ ሽቦ ነው። አንዱን ክር በጣቶቼ መካከል ሳሽከረክረው ከፀጉር ብዙም አይወፍርም፤ ሳብ ሳደርገውም ያለ ድምፅ ተበጠሰ። ላለፉት ሦስት ወራት ኔትወርኩን ስወቅስ የኖርሁት በዚህ ክር ምክንያት መሆኑን ሳስብ ገርሞኛል።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ፣ ማለትም ፓወር ባንኩ እንደገና ቻርጅ መደረግ ሲጀምር፣ ፓዩ ለቅጽበት ኃይል አጥቶ ይጠፋና ከባዶ ይነሣል። ይህስ ከምን ይሆን?

ካውያ፣ ሐረር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ መምህር፤ እንዲህ ተመዝግቦ የሚመጣ ጥያቄ ለጠጋኝ ደስታ ነው።

የመጨረሻው ነገር የፓወር ባንኩ ጠባይ ነው። ብዙዎቹ ፓወር ባንኮች ቻርጅ መደረግ ሲጀምሩም ሲያቆሙም መውጫውን ለአፍታ ቆርጠው ነው የሚለዋወጡት፤ ለስልክ ምንም አይደለም፣ የራሱ ባትሪ አለውና፤ ለፓይ ግን ሞት ነው። የሚያስፈልግዎ ባትሪው ዘወትር በመስመሩ ላይ እንዳለ እየተሞላም እየሰጠም የሚቀጥል የዩፒኤስ ቦርድ ነው። በሲሊንደር ቅርጽ ባሉት፣ 18650 በሚባሉት የላፕቶፕ ባትሪ ድንጋዮች የሚሠሩ ትናንሽ ቦርዶች አሉ።

ድንጋዮቹን ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ የሚያወጡ ከሆነ፣ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ይለኩ። ከ2.5 ቮልት በታች የወረደውን ሊያድኑት አይሞክሩ፤ ይጣሉት። የዛገውንና የተቆለመመውንም እንዲሁ። ድንጋዩ ላይ በቀጥታ በካውያ አይበይዱ፤ ሙቀቱ ውስጡን ይጎዳል፤ የድንጋይ መያዣ ይጠቀሙ። መከላከያ ሰርኪት የሌለው ድንጋይ ለአንድ ሌሊት እንኳ ቻርጅ ላይ አይደር።

ስንት ሰዓት እንደሚቆይም በግምት ሳይሆን በሒሳብ ይወቁት። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈው ለውስጠኛው የ3.7 ቮልት ባትሪ ነው፤ 74 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ወደ 5 ቮልት ሲቀየር ከሚጠፋው በኋላ 63 ያህል ይቀራል ብንል፣ የእርስዎ ፓይና ዶንግል 6.5 ዋት ቢወስዱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይሠራል። ይህ የሚሆነው በእርግጥ የተጻፈው ቁጥር እውነት ከሆነ ነው።

ደንገጎ

ስለ ጀጎልና ስለ መንገዱ የጠየቁት ሳይመለስ እንዳይቀር ነው የገባሁት። በሥራዬ ምክንያት በድሬዳዋና በሐረር መካከል በሳምንት ሦስት ጊዜ እመላለሳለሁ።

የጀጎል ቤት ለሬዲዮ ሞገድ ከባድ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲሆን መስኮቱም ጥቂት ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን የ4ጂ ሲግናልም፣ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄደውን ዋይፋይም ይውጣል። ስለዚህ ራውተሩን ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው የመቀመጫ መደብ) ባለበት በመሐለኛው ክፍል አያስቀምጡት፤ እዚያ ለሰው ያማረ ለሞገድ የታፈነ ነው። ግቢው በኩል ያለ መስኮት ወይም የላይኛው ክፍል ይሻላል። ቦታ ሲመርጡ ስልክ ላይ በሚታዩት ዘንጎች አይፍረዱ፤ የዶንግሉን ገጽ ከፍተው አርኤስአርፒ የሚለውን፣ ከማማው የሚደርሰውን የሲግናል ጥንካሬ የሚያሳየውን ቁጥር ይመልከቱ። ከዜሮ በታች የሚቆጠር ስለሆነ ወደ ዜሮ የቀረበው የተሻለ ነው፤ ከዜሮ በታች 85 ጥሩ፣ 100 መካከለኛ፣ 110 ደካማ ነው። ሳጥኑን ይዘው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲዘዋወሩ ቁጥሩ በአንድ ክንድ ርቀት ብቻ በአሥር ሲለዋወጥ ሊያዩ ይችላሉ። ወደ ቤቱ ውስጥ ለሚገባው ዋይፋይ ደግሞ ከሁለቱ የዋይፋይ ሞገዶች 5 ጊጋኸርዙን ትተው 2.4ቱን ይጠቀሙ፤ ፍጥነቱ ቢያንስም ግድግዳ የሚያልፈው እሱ ነው።

የውጭ አንቴና የግድ ከሆነብዎ ሁለት ነገር ይወቁ። ዶንግሉ ሁለት የአንቴና ቀዳዳ ካለው ሁለቱም አንቴና ይፈልጋሉ፤ 4ጂ ፍጥነቱን የሚያገኘው በሁለቱ ተባብሮ ነውና። ሌላው ገመዱ ነው። ቀጭን የአንቴና ገመድ በ1800 ሜጋኸርዝ ላይ በየሜትሩ ከ1 ዴሲቤል በላይ ይበላል፤ አምስት ሜትር ከጎተቱ አንቴናው ያመጣውን ገመዱ ጨርሶ ይበላዋል። ከዚያ ይልቅ ራውተሩን ራሱን ወደ መስኮቱ ማውጣት ይቀላል፤ ያለ ገመድ የሚሠራ ዕቃ የተሠራው ለዚህ አይደለምን?

ሲግናል ማጉያ እየተባለ የሚሸጠውን መሣሪያ ግን አይግዙ። በትክክል ያልተሠራ ማጉያ ማማውን ረብሾ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ያውካል። ኢንተርኔቱንም ለጎረቤት በገንዘብ ለማከፋፈል ማሰብ የተለየ ጉዳይ ነው፤ የኮሙኒኬሽን አገልግሎት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የሚገዛና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። እርስዎ ያንን አላሰቡም፤ ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሌላ ወጣት ሊያስብ ስለሚችል ነው የጻፍሁት።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ሐረማያ አካባቢ 2,000 ሜትር ይደርሳል። ተራራ ከማማው በሚጋርድበት ኩርባ ላይ ምንም ዓይነት ራውተር ሲግናል አይፈጥርም፤ ዶንግሉም ማማ ሲፈልግ በሙሉ ጉልበቱ ስለሚልክ ይበልጥ ይሞቃል፣ ይበልጥ ኃይል ይበላል። የሚኒባሱ ጣሪያና ጎን ብረት ስለሆነ ሞገዱ የሚገባው በመስኮት ነው፤ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፣ ቦርሳውንም ጭንዎ ላይ እንጂ ከመቀመጫ ሥር አያድርጉት። ሾፌሩ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ከዚራ የተናገሩትን አደጋ መጥራት ነው። ከመኪናው የሲጋራ ማቀጣጠያ ኃይል ከወሰዱ፣ ሞተሩ ሲሠራ ቮልቱ ከ14 በላይ እንደሚሆን፣ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ እጅግ እንደሚወርድ አስበው ፊውዝ ያለው መቀየሪያ ይጠቀሙ።

ሐረማያ

ሁሉም ስለ ኃይል ስለተናገሩ ስለ ሶፍትዌሩ ጥቂት ልጨምር። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ራስበሪ ፓይን በተራ ሊኑክስ ማስነሣት ሚሞሪ ካርዱን ለአደጋ ያጋልጣል፤ በሚጽፍበት ቅጽበት ኃይል ከጠፋ ፋይሉ ይበላሻል። ኦፕን ደብሊውአርቲ የሚባለው ለራውተር ብቻ የተሠራ ሊኑክስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ፕሮጀክቱ በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጀመረው ሊንክሲስ የሚባለው ድርጅት ለራውተሩ የተጠቀመበትን ኮድ ለሕዝብ ከከፈተ በኋላ ነው፤ ስሙም ከዚያ ራውተር ሞዴል የመጣ ነው። ሥርዓቱ ሲነሣ ዋናው ክፍል የሚነበብ እንጂ የማይጻፍበት ነው፤ መዝገቡንም የሚያስቀምጠው ሚሞሪ ላይ እንጂ ካርዱ ላይ አይደለም። ድንገት ቢጠፋ እንኳ በደኅና ይነሣል።

ዶንግልዎ በራሱ አድራሻ የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ፣ ማለትም 192.168.8.1 በሚመስል አድራሻ ገጽ የሚከፍት ከሆነ፣ የራውተርዎን አድራሻ ከዚያ የተለየ ያድርጉት፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ የሚያስቸግር ግራ መጋባት ይፈጠራል። ስምንቱ ልጆች ሲጠቀሙ የአንዱ ፎቶ መላክ የሌላውን ቪዲዮ እንዳያንቀው፣ ኤስኪውኤም የሚባለውን ፓኬጅ ጭነው ከለኩት ፍጥነት በ85 በመቶ ላይ ይወስኑት። ድሬዳዋ ደግሞ ሁለት ድርጅት ስላላት ዕድለኛ ናት፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን የጀመረው ከዚያው ከተማ ነው። ወደ ፊት ሁለተኛ ዶንግል ጨምረው አንዱ ሲጠፋ ሌላው እንዲተካ ማድረግ ይችላሉ፤ ግን በጋሽ ካውያ ሒሳብ ኃይሉን እንደገና ሳያሰሉ አይጨምሩት። ፓይ 4 ለዩኤስቢ ዕቃዎች ሁሉ በድምሩ 1.2 አምፒር ብቻ ነው የሚሰጠው።

ሳቢያን (ጠያቂ)

ይህን የምጽፈው ከጀጎል ነው። ኦፕን ደብሊውአርቲን ሐሙስ ማታ ጫንሁ፤ የዩፒኤሱ ቦርድ ገና አልደረሰልኝም። በመንገድ ላይ ከድሬዳዋ እስከ ደንገጎ ኩርባዎች ድረስ ሠራ፤ ኩርባዎቹ ላይ ሁለት ጊዜ ጠፋ፤ ከሐረማያ እስከ አወዳይና ሐረር ምንም አልተቋረጠም። መዝገቡን ስመለከት በሁለቱም ጊዜ የወረደው ሲግናሉ እንጂ ዶንግሉ አልተነቀለም።

እዚህ ቤት ነደባው ባለበት ክፍል ቁጥሩ ከዜሮ በታች 113 ነበር። የላይኛው ክፍል፣ ግቢው በሚታይበት መስኮት ደፍ ላይ ሳደርገው 91 ሆነ። ዛሬ ጠዋት እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ከድሬዳዋ ካለችው እኅቴ ጋር በቪዲዮ ተነጋገረች፤ ምስሉ አንድ ጊዜም አልቆመም። ከዚያ ወደ ላይ ወጥታ ሳጥኑን አየችውና አቧራ እንዳይገባበት ብላ ሬዲዮኑ ላይ የነበረውን ነጭ ዳንቴል አምጥታ ልታለብሰው ስትል ደረስሁ። ዳንቴሉን ከሥሩ አነጠፍንለት፤ የላዩ ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ቀረ።